800 ብር ከፍዬ ልጅ ማሳደግ ተማርኩ (ቱሉ ዲምቱ)

የጎተተችኝ ባለቤቴ ናት። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ኮሙናል ውስጥ የሚሰጥ የወላጆች ስልጠና። ሁለት ቅዳሜ፣ በሰው 800 ብር። ቅሬታ ስላለኝ የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም።

ከቅሬታው ልጀምር። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ከሩብ ተጀመረ። ወንበሩ የለቅሶ ቤት ፕላስቲክ ነው፣ ወገብ ይጨርሳል። ቡናው ግን አሪፍ ነበር፣ ፈንዲሻም አልተሰሰተም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባክኗል ማለት ይቻላል። አሰልጣኟ ቀኑን ሙሉ ያስተማረችን አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣችውን ክፍፍል ነው፤ ፈላጭ ቆራጭ ወላጅ፣ ልል ወላጅ፣ ፍቅርንና ሥርዓትን አብሮ የሚያስኬድ ወላጅ። በ1983 ሌሎች ደግሞ ችላ ባይ ወላጅን ጨመሩበት። ትምህርቱ ክፉ አይደለም፣ ግን የተጠናው ካሊፎርኒያ ባሉ ቤተሰቦች ላይ እንደሆነ ትንፍሽ አላለችም። እኛ ጋ ልጅ የሚያሳድገው አያት ነው፣ ሠራተኛ ናት፣ ታላቅ እህት ናት። እኔ ራሴ ግማሹን ያደግኩት ጎረቤት ቤት ምሳ እየበላሁ ነው፣ የቱ ውስጥ ልመደብ? የሚገርመው፣ ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ አይንስዎርዝ የሕፃንና የእናትን ትስስር መጀመሪያ ያጠናችው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ በ1950ዎቹ ነው። እሷ ስሟም አልተነሳ።

ሁለተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። እግዜር ይስጠው!

ሊታይ የነበረው ቪዲዮ ኤድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ የሠራው ሙከራ ነበር። እናት ከልጇ ጋር ስትጫወት ቆይታ በድንገት ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች፣ አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ዝም። ላፕቶፑ ባትሪ ስለሌለው ከመሃላችን አንዲት እናት የአሥር ወር ልጇን ይዛ እኔ ልሞክረው አለች። ልጁ መጀመሪያ ሳቀላት። ቀጥሎ በጣቱ ወደ በሩ ጠቆመ፣ ጮኸ፣ እጁን አጨበጨበ፣ ያለውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፣ ከዚያ ዞር ብሎ አለቀሰ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ተይው ልጁን!» ብለው ተነሡ። እናትየው ስታቅፈው ወዲያው ዝም አለ። አሰልጣኟ ዋናው ይሄ መመለሱ ነው አለች፤ ፊቱን የማያጠቁር ወላጅ የለም፣ ልጁን የሚሠራው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው።

እኔ እጄን አውጥቼ ያችን የታወቀች ጥያቄ ጠየቅኩ። «እኛስ ተገርፈን፣ በርበሬ ታጥነን አድገን ምን ሆንን?» ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል፣ እቤት ግን የራሳችን ጉዳይ ነው መሰለኝ አልኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። አሰልጣኟ አልተከራከረችም። «ባለቤትህን ለመጨረሻ ጊዜ ይቅርታ ያልካት መቼ ነው?» አለችኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አባቴ ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከተቆጣ በኋላ ማታ ጉርሻ ያጎርሰናል፣ እሱ ነበር ይቅርታው። ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። ሌላም አለ፤ እንግዳ ባለበት አፌን ከከፈትኩ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይሉኝ ነበር፣ ዛሬም ቢሮ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ እጄን የማወጣው ሌላው ተናግሮት ካለቀ በኋላ ነው። ሁሉንም በወላጅ ላይ መጫን እንዳይሆን፣ ታናሽ ወንድሜ እዚያው ቤት አድጎ አፈ ጮሌ ነው።

እና ይገባዋል? ሁለተኛው ቅዳሜ አዎ። አዘጋጆቹ ለብቻው ቢሸጡት 800 አይበዛበትም። የመጀመሪያውን ግን በነፃ ቢሰጡ እንኳ ቡናውን ጠጥቼ እወጣ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ባጃጅ አለ፣ ጃኬት ያዙ፣ አዳራሹ ይበርዳል።

ማታ እናቴ ጋ ደውዬ የት እንደዋልኩ ነገርኳት። «ልጅ ማሳደግ ደግሞ በብር ሆነ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች።

«በርበሬውን ታስታውሳለህ እንዴ?» አለችኝ።