ፕሬዠር ኩከር ደሴ ላይ፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

አጭሩ መልስ፦ እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ይህ ድስት ገንዘቡን ያወጣል። በተለይ ደሴ ወይም ከዚያም ከፍ ብላችሁ ደላንታ ለምትኖሩ። ዝቅ ብሎ ኮምቦልቻ ላለ ሰው ያን ያህል አያስቸኩልም። ይበልጥ ዝቅ ብሎ ከሚሴ ላለ ደግሞ ባይኖረውም ይኖራል።

የገዛሁት ባለ አምስት ሊትር የህንድ ሥሪት አሉሚኒየም ነው። ባለ ሱቁ "ቶሎ ያበስላል" ከማለት ውጭ ምንም አላስረዳኝም፣ መመሪያው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እሱ ያላለውን እኔ ልበላችሁ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የሸመደድነው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛው ያህል ነው፣ ስለዚህ ውሃው ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። አንዴ ከፈላ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ከሰል ብትጨምሩ ከዚያ አይሞቅም። ትርፉ እሳት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ማባረር ብቻ ነው። ባቄላ ደግሞ የሚበስለው በሙቀት እንጂ በመንተክተክ አይደለም።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ "የናንተ ውሃ እህል አያበስልም" እያለች ትስቅብናለች። ጠጣር ውሃ ጥራጥሬን ማክረሩ እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን ዋናው ጥፋተኛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ያን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ስትጨርሱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላችኋል፣ የመፍያው ሙቀትም ሁለት ዲግሪ ገደማ ወርዷል። ሁለት ዲግሪ ምንም አይመስልም። ንፍሮ ጥዳችሁ ስትጠብቁ ግን ይታወቃችኋል።

ድስቱ የሚሠራው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን በመጨመር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ዴኒስ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ሠርቶት ነበር። ድስት እንዳይፈነዳ ትርፉን እንፋሎት የሚያስወጣውን ቫልቭ ያሰበውም እሱ ነው።

እኔን የገረመኝ ክዳኑ አናት ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ብረት ናት፣ ያቺ ፉጨት የምታሰማዋ። በሁለት ጣት ትነሳለች። ታዲያ እንዴት ያን ሁሉ እንፋሎት ትይዛለች? ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ቀዳዳው 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ብረቷ 80 ግራም ብትሆን፣ የባሕር ጠለልን የአየር ግፊት አራት አምስተኛ ያህል ትቋቋማለች ማለት ነው። ይህ ደሴ ላይ ካለው አየር ጋር ሲደመር ውሃው 112 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ እንፋሎቱ ብረቷን አንስቶ ይወጣል፣ ፉጨቱ እሱ ነው። የሚያፏጨውን ብረት "ዝም ይበል" ብለው ማንኪያ ወይም ድንጋይ የሚጭኑበት ሰዎች አሉ። በፍጹም! ፉጨቱን ዝም ስታሰኙ ቦምብ እየሠራችሁ ነው።

ያው ድስት ባሕር ጠለል ላይ ቢጣድ ወደ 117 ዲግሪ ይደርስ ነበር። መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለዚያ አገር ነው፣ እዚህ ጨምሩበት። "መመሪያው ዋሽቷል" ብላችሁ ድስቱን እንዳትመልሱ።

ክዳኑ ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነን ክዳን ያው ግፊት ከሥር ሲገፋው ኃይሉ ሦስት ኩንታል እንደማንሳት ነው። እጀታው አልዞር ካለ በጉልበት አትታገሉት። አውርዱት፣ ይብረድ፣ ትንፋሹ ይውጣ፣ ያኔ ራሱ ይከፈታል።

አሁን ቅሬታዬ። የክዳኑ ጎማ ቶሎ ደረቀ፣ እንፋሎቱም በጎን ያፈስ ጀመር። የሚያፈስ ጎማ ማለት ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ደግሞ ውድ ተራ ድስት ነው የገዛችሁት። ልቀይር ብዬ ሱቁ ስሄድ "ጎማ ለብቻው አይሸጥም" ተባልኩ። ይሄ ያናድዳል። ስትገዙ መለዋወጫ ጎማ አብሮ ካልተሰጣችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሌላው የከሰል ጉዳይ ነው። ፉጨቱ ሲጀምር እሳት መቀነስ ያስፈልጋል፣ ከሰል ደግሞ በአንዴ አይቀነስም፣ ፍሙን በመቆስቆሻ ገሸሽ ማድረግ አለባችሁ። በኤሌክትሪክ ምድጃ በጣም ይቀላል፣ መብራት ካለ።

ሁሉንም አታብስሉበት። ባቄላ፣ ቅቅል፣ ያረጀች ዶሮ፦ ግሩም ነው። ቁሌት ግን አይሆንም። ሽንኩርቱ ውሃውን እየለቀቀ መምጠጥ አለበት፣ እዚህ ደግሞ እንፋሎት መውጫ የለውም፣ ቀጭን ነገር ሆኖ ይቀራል። ሽሮም ከሥር ይይዛል። ምስርና ክክ አረፋ ስለሚያነሱ ቀዳዳውን ሊደፍኑት ይችላሉ፣ ጥራጥሬ ሲሆን ውሃውን ጨምሮ ከግማሽ በላይ አትሙሉ።

ከዚህ የተነሳ አምስት ሊትር ሲባል ለንፍሮ ሁለት ተኩል ሊትር ማለት ነው። ለሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ቤተ ሰባችሁ ሰፊ ከሆነ፣ ቡና ላይ ጎረቤት የምትጠሩም ከሆነ፣ ባለ ሰባቱን ውሰዱ።