ለአክስቴ ዕቃ ዋጋ ላወጡልኝ አዛውንት ምስጋና ይድረስልኝ

ዘመድ አርፎባችሁ የቆየ ቤት የምታጸዱ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ግን ለአንድ ሰው የከበደ ምስጋና አለብኝ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም።

አክስቴ ቤቷ ጉለሌ ነበር። የራሷ ልጅ የላትም፤ የእህቶቿን ልጆች አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ነው ያረፈችው። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ዕቃውን ማየት እኔ ላይ ወደቀ። ግማሹ ዘመድ ውጭ ነው፤ ግማሹ ደግሞ «አንቺ ትችያለሽ» ብሎ ገለል አለ። በትልቁ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠሩ ማርትሬዛዎች (ድሮ አገራችን ውስጥ ይገበያዩበት የነበረው የኦስትሪያ ብር)፣ ጥቂት የምኒልክ ብር፣ የጠቆረ የአንገት መስቀል፣ የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ እና ብል የበላው ጥልፍ ካባ ተገኘ። ሳሎን ደግሞ ሁላችንም «የቤቱ ሀብት» የምንለው ግራሞፎን አለ።

ከዚያ መንከራተት መጣ። አንዱ ባለሱቅ መስቀሉንም ብሩንም አንድ ላይ ሚዛን ላይ ዘርግፎ «በግራም ልግዛሽ» አለኝ። የአያት መስቀል ይሁን የትናንት ማንኪያ ለሱ ግድ የለውም። ሌላው በቅጡ ሳያይ «ፎርጅድ ነው» አለና፣ ልወጣ ስል «ቢሆንም እወስደዋለሁ» እያለ እስከ በር ተከተለኝ። ፎርጅዱን ምን ሊያደርግለት? ደላላው ባሰ። ዳዊቱን ለአንድ ሌሊት ተይልኝ፣ ለፈረንጅ አሳይቼ እመልሳለሁ አለ። እምቢ ስለው የስድብ ውርጅብኝ አወረደብኝ። ስማቸውን አልጠራም። ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ላይ እንዲህ መረባረብ ነውር ነው!

በመጨረሻ የአክስቴ ዕድር ጸሐፊ ናቸው እኚህን አዛውንት የጠቆሙኝ። ፒያሳ ብር ሲያነጥሩ የኖሩ፣ አሁን እርጅና ቤት ያዋላቸው ሰው ናቸው። ከአንጥረኝነቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ግዕዝ ያነባሉ። ገና ሳንጀምር ሂሳባቸውን ነገሩኝ፤ ትንሽ ናት። ቀጥለው «እኔ አልገዛሽም፤ ገዢም አላመጣብሽም። ዋጋ የሚነግርሽና የሚገዛሽ አንድ ሰው ከሆነ ተጠንቀቂ» አሉኝ። እፎይ ያልኩት ያኔ ነው።

ዳዊቱን ሳወጣ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ በደንብ አደረቁ። ገጹን ቀስ እያሉ ገልጠው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ የአያትሽ የክርስትና ስም ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የት አውቄ! እናቴ ጋ ደወልኩና ነገረችኝ። መጽሐፉን ወደኔ አዙረው አንድ ቃል በጣታቸው አሳዩኝ፤ ያው ስም ነው። ብራናው እዚያ ቦታ ሳሳ ብሏል። መጀመሪያ ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ የአያቴ ገብቶበታል፤ ድሮ መጽሐፍ እጅ ሲለውጥ እንዲህ ይደረግ ነበር አሉኝ። እናቴ ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ አላቻኮሏትም። ስልኩን ተቀብለው ጸሎቱን ከነስሙ አነበቡላት። የሸመገለ ሰው እንዲህ ሲያከብረን እኛ ምን እንበል? እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን እንጂ!

ዋጋውን ስጠይቅ «ለዚህ አላወጣለትም። ካወጣሁለት ትሸጡታላችሁ» አሉ። ዋሽንግተን ያለው የሌላዋ አክስቴ ልጅ በሻንጣ ላኩልኝ እያለ ሲጨቀጭቀን ነበር። እሱንም ነገርኳቸው። «ተይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ያስቀሩታል፤ መዘዝም አለው» አሉኝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የግል ቅርስም ቢሆን መመዝገብ አለበት። ለዚህ የሚሄደው ቅርስ ባለስልጣን ነው። የዋሽንግተኑ ልጅ አኩርፏል። ያኩርፍ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማርትሬዛ ሁሉ ላይ የተጻፈው 1780 ነው፤ መልኳ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት በፈረንጅ። ከዚያ ወዲህ ግን ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል። ስለዚህ «የ1780 ነው፣ ብርቅ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። አንዱ ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ማንጠልጠያ የተበየደበት ለጌጥ እንጂ ለሳንቲም ሰብሳቢ ብዙም አይሆንም። የምኒልኩ ፓሪስ የታተመ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1887 ሲሆን ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። እነዚያን ለብቻ አስቀምጪ አሉኝ። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን እያዩ ብዙ አስረዱኝ፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። አንድ በአንድ ጽፈው ስለሰጡኝ ግን አልተቸገርኩም።

ግራሞፎኑስ? ውስጡ ተቀይሯል፣ ለሳሎን ያምራል፣ በቃ። አጎቴ እስካሁን አላመነም። ለልዋጭ ነጋዴ ሰጥተን ሳህን ልንወስድበት የነበረው ካባ ነው ጋሼን ከወንበር ያስነሳቸው! ጥልፉ የእጅ ነው፣ እንዳይታጠብ፣ እንዳይታጠፍ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ አሉ።

እባካችሁ የወረሳችሁት ነገር ካለ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸው ይዩላችሁ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ይዩላችሁ። ስልካቸውን አደባባይ ማውጣት አልፈልግም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ ከሰዓት ደውሉ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ጮክ ብላችሁ አናግሯቸው። ብሩን ደግሞ እንዳታጸዱት፤ በአመድ ፈትጎ ያመጣውን ሰው ሲቆጡ አይቻለሁ።