የሚው «አንድ ዘ ግላስ ሃንድድ ካይትስ»፦ ከወራት ማዳመጥ በኋላ

የዴንማርኩ የአልተርኔቲቭ ሮክ ባንድ ሚው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን «አንድ ዘ ግላስ ሃንድድ ካይትስ» የተሰኘ አልበም በሲዲ ገዝቼ ማዳመጥ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሜ የምመለስባቸው ዜማዎችና ዛሬ የምወዳቸው ክፍሎች አንድ ስላልሆኑ፣ ግምገማውን እስካሁን ማቆየቴ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አልበሙ 14 ዜማዎችን የያዘ ሲሆን 54 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ከሌሎች የሮክ አልበሞች የሚለየው ዜማዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው መቀረባቸው ነው፤ የአንዱ ዜማ የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይገባል፣ አድማጩም ቁጥሩ መቀየሩን የማጫወቻውን ሰሌዳ ካላየ በቀር ላያውቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚያዳምጡበት መሣሪያ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በሲዲ ማጫወቻ ላይ ሥራው ያለ እንከን ይፈስሳል። ወደ ስልኬ ገልብጬ በአንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ስከፍተው ግን በየዜማው መካከል አጭር ጸጥታ እየገባ መሸጋገሪያዎቹን ሁሉ ቆራረጠብኝ፤ ዜማዎችን ያለ ክፍተት የሚያጫውተውን ምርጫ ከማስተካከያው ውስጥ ፈልጌ እስካበራው ድረስ የምሰማው ሌላ አልበም ነበር ማለት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ ማጫወትም ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

የመያያዙ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው በመካከሉ ላይ፣ «አፖካሊፕሶ»፣ «ስፔሻል» እና «ዘ ዙኪፐርስ ቦይ» በሚከታተሉበት ስፍራ ነው። ሦስቱም በነጠላ ዜማነት ወጥተዋል፤ ለየብቻቸው ሲሰሙም ጥሩ ናቸው። በተርታ ሲመጡ ግን «ስፔሻል» ላይ የተወጠረው የጊታርና የድራም ምት ሳይፈታ ወደ «ዘ ዙኪፐርስ ቦይ» ይሻገርና፣ በዚያ የተሰባበረ በሚመስል አካሄድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ አዝማቹ ላይ ሲደርስ የድምፃዊው የዮናስ ቢየሬ ድምፅ በራሱ ላይ እየተደራረበ ከፍ ይላል። ያ አዝማች የሚያስደስተው ከፊቱ የነበረው ውጥረት ሁሉ እዚያ ላይ መውጫ ስለሚያገኝ ነው። ለብቻው ነጥዬ በሰማሁት ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለዋል።

የቢየሬ ድምፅ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከከባዱ ጊታር ጋር አይሄድም ብሎ የሚያስብ አድማጭ ይኖራል። «ዋይ አር ዩ ሉኪንግ ግሬቭ» ላይ የአሜሪካው ባንድ የዳይነሰር ጁኒየር መሪ ጄይ ማስኪስ በሻካራና በሚጎተት ድምፁ ሲቀበለው ግን የሁለቱ ተቃራኒነት ለዜማው ያስፈለገ መሆኑ ይገባል። ማስኪስ «አን ኤንቮይ ቱ ዘ ኦፕን ፊልድስ» ላይም ተሳትፏል። ከወራት በኋላ ይበልጥ የማደንቀው ሰው ግን ድራም ተጫዋቹ ሲላስ ነው። የዜማው ስልት በተቀያየረ ቁጥር ሌሎቹን ይዞ የሚሻገረው እሱ ነው፤ አንድ ሙሉ ምሽት የእሱን ድራም ብቻ እየተከተሉ ማዳመጥ ይቻላል።

የአልበሙ ፕሮዲውሰር ማይክል ባይንሆርን ነው፤ የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የሳውንድጋርደንን የ1994 አልበም የሠራው ባለሙያ ማለት ነው። ድምፁን ትልቅና ጥቅጥቅ ያለ አድርጎታል፤ ትልቁ ቅሬታዬም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ጊታሩ፣ ኪቦርዱና የተደራረበው የሰው ድምፅ እኩል ጎልተው በሚመጡባቸው ቦታዎች የዮሃን ቮለርት ቤዝ ጊታር ይዋጣል፤ በትንንሽ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ደግሞ ጆሮን ያደክማል። በደህና ስፒከር፣ ድምፁ መጠነኛ ሆኖ ሲሰማ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ከ«ኤ ዳርክ ዲዛይን» እስከ «ስሞል አምቡላንስ» ያለውን ክፍልም ለረጅም ጊዜ አንዱን ከሌላው መለየት ቸግሮኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከአልበሙ ሁሉ ደከም ያለው እሱ ይመስለኛል። ግጥሞቹ ታሪክ አይነግሩም፤ ግልጽ መልእክት የሚፈልግ ሰው ከርዕሶቹ ጀምሮ ይቸገራል።

መጨረሻው ይህን ሁሉ ይክሳል። «ዋይት ሊፕስ ኪስድ» ዝግ ያለ፣ ረጅም ዜማ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ግርግር ከበረደ በኋላ ስለሚመጣ የቢየሬን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ከለላ የሰማን ያህል ይሰማናል። ቀጥሎ የሚመጣውና አልበሙን የሚዘጋው «ሉዊዝ ሉዊዛ» ደግሞ በረጅም ልመና ያበቃል፤ ድምፃዊው ብቻውን እንዳይቀር እየደጋገመ ይማጸናል። ሲዲውን በገዛሁበት ሰሞን እነዚህን ሁለቱን ረዝመውብኝ አልፋቸው ነበር። አሁን ለእነሱ ስል ሙሉውን እሰማለሁ፤ ያለ ሙሉው 54 ደቂቃ የመድረሳቸው ኃይል አይገኝምና።

ባንዱን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የምመክረው የ2003ቱን «ፍሬንገርስ» ነው። እዚያ አሥሩም ዜማዎች ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ በመንገድ ላይ አንድ ሁለቱን ሰምቶ ማቆም ይቻላል። ያንን ወድዶ የቢየሬን ድምፅ ለለመደ አድማጭ ግን «አንድ ዘ ግላስ ሃንድድ ካይትስ»ን ያለ ማመንታት ግዛ እላለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ የሚቀመጥበት ጊዜ ካለውና ማጫወቻው በዜማዎቹ መካከል ክፍተት የማያስገባ ከሆነ።