የፋርማኮሎጂ የመመረቂያ ጥናት፦ ለምታመነቱ

መጠይቅ በትኜ ልገላገል ወይስ ላብራቶሪ ልግባ ለምትሉ ተማሪዎች፦ ላብራቶሪ ግቡ።

እኔ የሠራሁት በዳማከሴ ነው፤ እብጠት ይቀንስ እንደሆነ ለማየት። እናቴ ምች ሲመታን ጨምቃ የምታጠጣን ቅጠል። መጀመሪያ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ) ወሰድኩት፤ ዝርያው ተረጋግጦ የናሙና ቁጥር ተሰጠው። ጥላ ላይ ደርቆ ተፈጨ። ከዚያ ንጥረ ነገሩ እንዲወጣ 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ውስጥ 72 ሰዓት ተዘፈዘፈ።

አማካሪዬ ወርቅ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን አይጧን በፍርሃት ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት። «ቀስ በይ ልጄ፣ ልቧ ሲመታ ይሰማሻል?» አሉኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላሉልኝ። ካራጂናን (እብጠት የሚያስነሳ ንጥረ ነገር) የተወጋው እግሯ ሲያብጥ በየሰዓቱ እንለካ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ውጤቱን መስመር በመስመር ያዩልኛል። ዳማከሴ የተሰጣቸው አይጦች እብጠት ሲቀንስ ያየሁ ቀን እንባዬ መጣ። ለእናቴ ወዲያው ደወልኩላት።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ኬሚካል አቅራቢያችን «ነገ፣ ነገ» እያለ ሦስት ሳምንት አጓተተን። አይጥ ከመንካት በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ግድ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን በመጀመሪያው መንፈቅ ጨርሱት። ኬሚካሉንም ፈቃዱን እየጠበቃችሁ እዘዙ።