ደሴና ኮምቦልቻ ቮልስ ያላችሁ፣ ይህን መካኒክ ልጅ ያዙት

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። መኪናዋ ትፈተን ብዬ ነው የቆየሁት። ትናንት ኮምቦልቻ ወርጄ የሐረጎን ዳገት ተመልሼ ወጣሁ፣ የዘይት መብራቷ (ዘይቱ ግፊት ሲያጣ የምትበራው) አንዴም አልበራ። አሁን አፌን ሞልቼ ላመስግን።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት፣ 1300። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ዳገቱን ወጥታ ስትግል ግን፣ ፒያሳ ላይ ሰው ላሳልፍ ቆም ስል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) መብራቷ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። ቮልስ ደግሞ ውሃ የላትም። የሚያቀዘቅዛት አየርና ያቺው 2.5 ሊትር ዘይት ናት፣ ዘይቱ በደንብ ካልዞረ ሞተሩ አለቀለት።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «ኩሽኔታ አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል» አለኝ፤ ኩሽኔታ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብረት ነው። የጠየቀኝን ብር እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ፌስቡክ ታነባለች።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠኝ። ጋራዥ የለውም። ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ልቤ አልሞላም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ፣ በእኛ 1995 መሆኑ ነው፣ ይሄ ልጅ ዳዴ ይል የነበረ ይመስለኛል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ መጀመሪያ እንያት» አለኝ።

የመብራቱን ስዊች ፈትቶ በቦታው የዘይት ግፊት የሚለካ ማኖሜትሮ አሰረ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ሲሞቅ ቀስቱ ሚኒሞ ላይ ዜሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። ስዊቹ አልዋሸም ማለት ነው። ቀጥሎ ዘይቱን አፈሰሰና ከሥር ያለውን ወንፊት አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። ጭቃውን በጣቱ እያሸ ለረጅም ጊዜ አየው። «የሚያብለጨልጭ ብረት ቢኖር ኖሮ ጋራዡ ልክ ነው እልዎት ነበር። የለም። ፓምፑን እንየው።»

ለኔ ልጁ ያኔ ተመሰከረለት። ሳያይ ዋጋ አልጠራም።

የቮልስ የዘይት ፓምፕ ከኋላ፣ ከታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋው ከሚጠመድበት ክብ ብረት) ጀርባ ነው፤ ሞተር ሳይወርድ ይደረስበታል። ቺንጋውን፣ ፑሌጃውን፣ ከጀርባው ያለውን ቆርቆሮ አወለቀ፣ አራቱን ዳዶ ፈታ። ክዳኑን ገልብጦ አሳየኝ። ማርሾቹ የሚታሹበት ቦታ ላይ ሁለት ክብ ጠባሳ አለ፣ ጥፍር ይይዛል። በማርሹና በክዳኑ መሀል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። የኔዋ መለኪያ አያስፈልጋትም፣ በዓይን ይታያል። «ዘይቱ በዚህ ነው ተመልሶ የሚያመልጥ» አለ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ያን ጊዜ ነበር የሚብሰው።

አዲሱን ፓምፕ ዘመዴ አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። አሮጌው ቦታው ላይ ነክሶ ነበር። እኔ በካቻቢቴ እንፈንቅለው ስል ልጁ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም ያለበት ለስላሳ ብረት ነው፣ አንዴ ከተጫረ ዘይት ሲያንጠባጥብ ይኖራል አለኝ። በመሳቢያ ቀስ አድርጎ አወጣው። ጓርኒሲዮንም (ዘይት እንዳያፈስ በመሀል የሚገባውን ወረቀት) እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ ቀድሜ ወፍራም አስቆርጬ ነበር። ያን አንስቶ ለድመቷ ወረወረላት። ወፍራም ከሆነ ያው ክፍተቱን መልሶ ይከፍተዋል፣ አዲስ ፓምፕ መግዛቴም ከንቱ ይሆናል። ከፓምፑ ጋር የመጣችውን እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳች ነገር አስገባ።

ሁለት ነገር ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ራሳችሁ የምትሠሩ ልብ በሉ። ዳዶዎቹን ከማጥበቁ በፊት ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አዞረው፤ ፓምፑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከካምሻፍቱ ጋር ራሱን እንዲያስተካክል ነው። ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ደግሞ ማርሾቹ ውስጥ ቫዝሊን ሞላ። ደረቅ ፓምፕ አየር እንጂ ዘይት አይስብም። ከዚያ አዲስ ዘይት ሞልቶ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን ገመድ ነቅሎ፣ መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አዞራት። ከዚያ በኋላ ነው ያስነሳናት። ሞቃ ሚኒሞ ላይ ማኖሜትሮው 12 ፒኤስአይ ግፊት ያዘ። እናቴ ከበረንዳው እልል አለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ለእጁ የወሰደው 3 ሺህ ብር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለለፋበት። ከቡናው ደግሞ አቦልም ቶናም በረካም ጠጥቶ ነው የሄደ፣ እናቴ ያለዚያ አትለቀውም ነበር።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ሰዓት አያከብርም። ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካለ አምስት ሰዓት ጠብቁት። የኤሌክትሪክ ሥራም እምብዛም ነው፣ እሱንም ራሱ ነው የነገረኝ።

ስሙን እዚህ አትለጥፉት ብሎኛል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዓርብ ቀትር ላይ ግን አትደውሉለት፣ ጁምዓ ላይ ነው።