ሜል ቴስተር፦ ኢሜይላችሁ ለምን ስፓም እንደሚገባ ሳያሽሞነሙን የሚናገር ገጽ

ጥምቀት ሲቃረብ ባሕር ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ለጥምቀት ጎንደር ከሚወጣው የውጭ እንግዳ ብዙው ጣናን ሳያይ አይመለስም፤ በጀልባ ዘጌ ይሻገራል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ ጢስ ዓባይ ደርሶ ይመጣል። አልጋ የሚይዘው ደግሞ በኢሜይል ነው። የኮምፒውተር ሥራዋን የምሠራላት አንዲት ሐይቁ ዳር ያለች ማረፊያ የምትልከው ማረጋገጫ በሙሉ ጂሜይል ላይ ስፓም ውስጥ ይገባ ነበር። ባለቤቷ እትዬ "ልጄ፣ እኛ ልከናል እንላለን፣ እነሱ አልደረሰንም ይላሉ፤ ማነው የሚዋሸው?" ይሉኛል። ማንም አልዋሸም።

ሆስቲንግ የሚሰጠንን፣ ማለትም ዌብሳይቱና ኢሜይሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የሚያከራየንን ድርጅት ስንጠይቅ የተለመደውን መለሱልን፦ "ከእኛ በኩል ችግር የለም"። ይህ መልስ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ሎጉን (ሰርቨሩ የላከውን የሚመዘግብበትን) ስታዩ ደግሞ እውነታቸውን ይመስላል፣ ምክንያቱም የጂሜይል ሰርቨር 250 ብሎ መልሷል፣ ተረክቤዋለሁ ማለቱ ነው። ተረክቦ ኢንቦክስ ውስጥ ያስቀምጠው ስፓም ውስጥ ይወርውረው ግን ለላኪው አይነግርም።

ሜል ቴስተር የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ገጹን ስትከፍቱ ለእናንተ ብቻ የተፈጠረ አንድ የኢሜይል አድራሻ ያሳያችኋል። ወደዚያ አድራሻ ትልካላችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ ውጤት የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ከ10 ነጥብ ይሰጣችኋል። ምዝገባ የለም፣ በነጻ ነው፤ በቀን የሚፈቀደው ሙከራ ግን ጥቂት ስለሆነ ዝም ብላችሁ አታባክኑት። ገጹ ቀላል ነው፣ ዋይፋይ ጠፍቶ በስልክ ዳታም ይከፈታል። አንድ ምክር፦ "ሰላም፣ ሙከራ ነው" ብላችሁ አትላኩ። እንግዳው የሚደርሰውን ደብዳቤ ራሱን፣ ከነሎጎው ከነሊንኩ ላኩት፣ ምክንያቱም ይዘቱንም ነው የሚመረምረው።

የኛ ውጤት 6 እንኳን አልሞላም። ቀይ የበራው የማንነት ማረጋገጫው ክፍል ላይ ነው፤ ስትጫኑት ከዲኤንኤሳችሁ (የዶሜይናችሁ፣ ማለትም ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ ሪከርዶች ከሚቀመጡበት ይፋዊ መዝገብ) ያነበበውን ጽሑፍ እንዳለ ይዘረግፈዋል። የገጹን ጥቅም በአንድ ቦታ አሳዩኝ ብትሉኝ ይህን ነው የማሳያችሁ። ኤስፒኤፍ የሚባለው ሪከርድ "በዚህ ዶሜይን ስም ኢሜይል የሚልኩት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው" የሚል ዝርዝር ነው። የኛ ዶሜይን ላይ ሁለት ተገኘ። አንደኛው ዌብሳይቱ ሲሠራ የገባ፣ ሁለተኛው ኢሜይሉ ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዛወር ሌላ ባለሙያ አሮጌውን ሳይነካ የጨመረው። ሁለቱም ለየብቻ ትክክል ናቸው። ደንቡ ግን ለአንድ ዶሜይን አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ሁለት ካገኘ ተቀባዩ የትኛውን ልመን ብሎ አይመርጥም፣ ስህተት ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አዋሃድናቸው። ስታዋህዱ ኢንክሉድ (የሌላ አገልግሎት ዝርዝር እዚያ ሄደህ እይ የሚለውን) አታብዙ፣ ሪከርዱ የሚያስነሳው የዲኤንኤስ ጥያቄ ከ10 ካለፈ እሱም ስህተት ነው።

ቀጥሎ ዲኪም። ይህ ፊርማ ነው፤ ሰርቨሩ በሚስጥር ቁልፍ ይፈርማል፣ ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ በተቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ያመሳክራል። ቁልፉ አለ፣ ግን ሜል ቴስተር ልክ አይደለም ይላል። የዘረገፈውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ሳስተያየው መጨረሻው የለም። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ወደ 400 ፊደል ይጠጋል፤ ዲኤንኤስ ላይ ግን አንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ፊደል አያልፍም፣ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት። የሆስቲንጉ ፓነል ግን ሳይናገር የተረፈውን ቆርጦ ጥሎታል! ከፍለን አስገባነው። የውጤቱ ገጽ የራሱ ሊንክ ስላለው ለደንበኞች አገልግሎታቸው እሱኑ በቴሌግራም ላክንላቸው፤ ያኔ "ከእኛ በኩል ችግር የለም" የሚለው ቀረ።

ሪከርድ ከቀየራችሁ በኋላ ወዲያው ፈትናችሁ "አልሠራም" አትበሉ። የኛ ዶሜይን ቲቲኤሉ (ሌሎች ሰርቨሮች ያነበቡትን መልስ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) 14400 ሰከንድ ነበር፣ 4 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አሮጌው መልስ ሊመጣ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀድሞ ወደ 300 ማውረድ ብዙ ንዴት ያስቀራል።

በመጨረሻ ዲማርክ (ማረጋገጫውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚናገር ሪከርድ) ጨመርን፣ ለጊዜው ምንም አትከልክል፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ በሚለው ደረጃ። ጎግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት ለሚልክ፣ ጎግል በቀን 5000 ገደማ ይላል፣ ሦስቱንም ግዴታ አድርገዋል፤ ትንሹ ላኪ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ያልፋል ቢባልም ሦስቱም ቢኖሩት አይጎዳም። ከዚያ ሜል ቴስተር 10 ሰጠን። ጂሜይል ላይም ደብዳቤውን ከፍታችሁ ከሦስቷ ነጥብ ሥር ሾው ኦሪጅናል የምትለውን ብትጫኑ ሦስቱም ማለፋቸውን ታያላችሁ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ገጹ የሚፈትነው መላክን ነው። ኢሜይል አልገባልንም የምትሉ ከሆነ ችግሩ ኤምኤክስ ሪከርድ (ለዶሜይኑ የሚመጣውን ኢሜይል የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል የሚናገረው) ላይ ሊሆን ስለሚችል ኤምኤክስ ቱልቦክስ የሚባለውን ገጽ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ማብራሪያው ዲኤንኤስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ግር ይላል፤ እትዬ ብቻቸውን ቢከፍቱት ቀዩን አይተው መደንገጥ ብቻ ነው የሚተርፋቸው። ሦስተኛውና ዋናው፣ 10 ማግኘት ኢንቦክስ መግባት ማለት አይደለም። የሰርቨሩን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩን) ከማናውቃቸው ብዙ ደንበኞች ጋር ነው የምንጋራው፣ እነሱ ያበላሹት ስም ለእኛም ይተርፋል። ሜል ቴስተር የታወቁ ጥቁር መዝገቦችን (የስፓም ላኪዎች ዝርዝሮችን) ያያል፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች በውስጣቸው የያዙትን ግምት ግን ከየት ያየዋል? እኔ ለራሱ ከ10 ውስጥ 8 እሰጠዋለሁ።

ጂሜይል አሁን ኢንቦክስ ያስገባል። ሆትሜይል ግን አሁንም አንዳንዱን ጃንክ (የሱ ስፓም) ውስጥ ይጥላል። ሆስቲንጉን ስንጠይቅ ለብቻችሁ አይፒ ግዙ፣ ክፍያው በዶላር ነው አሉን። ለጊዜው ሆትሜይል ያለውን እንግዳ በዋትስአፕ እናረጋግጥለታለን።