ከፍራንክፈርት ለንደን ትኬት የምትቆርጡ፣ ከየትኛው ኤርፖርት እንደሆነ ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እዚያው ትኬት ቢሮ ገብቶ ገንዘቡ እንዳይበላ።

ፍራንክፈርት የምትኖሩ እነዚህን የኛን ትኬት ቆራጮች ታውቋቸዋላችሁ። «እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው፣ ይሄ ዋጋ ማታ አይገኝም።» የእህቴ ልጅ ክርስትና ለንደን ስለነበር ትኬት ልቆርጥ አንዱ ጋ ሄድኩ። አጥብቄ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ከትልቁ ኤርፖርት ነው አይደል? ኤስ-ባን፣ የከተማው ባቡር፣ ከሚገባበት?»

«ፍራንክፈርት ነዋ!» አለኝ። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። 9:00 ይነሳል፣ 9:25 ያርፋል። «25 ደቂቃ ናት፣ ሳታውቂው ትደርሻለሽ።»

ከፍራንክፈርት ለንደን በአየር 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ25 ደቂቃ የሚያደርስ አውሮፕላን የለም። የለንደን ሰዓት ከጀርመን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ነው ወረቀቱ ላይ አጭር የሚመስለው። በረራው ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ትኬት ሸጦ የሚያድር ሰው ይሄን ያጣዋል?

ጠዋት ከዋናው ባቡር ጣቢያ ተነስቼ በሩብ ሰዓት ኤርፖርት ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በረራዬ የለም። መረጃ የምትሰጠዋ ሴት ወረቀቱን ተቀብላኝ ሦስት ፊደሎችን በእስክሪብቶ ከበበች። ኤች-ኤች-ኤን። «ይሄ ሃን ነው፣ እዚህ አይደለም» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሃን የድሮ የአሜሪካ አየር ኃይል ጣቢያ ነው። ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ክፍለ ግዛቱም ሌላ ነው። የመንገደኛ ባቡር አይሄድበትም። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጃል፣ ለንደን ከሚያደርሰው በረራ ይበልጣል። የታክሲውን ዋጋ ጠየቅኩ፤ ከትኬቱ በላይ ነው። ቢሆንም በሩ ሳይዘጋ አልደርስም።

ለሕፃኑ ያሰፋሁትን ጥበብ ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ደወልኩለት። «ስሙ ፍራንክፈርት-ሃን አይደል እንዴ? ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከትልቁ ኤርፖርት ብዬህ አልነበር ወይ ስለው ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን እንኳን ሳይዘጋ፣ አጠገቡ ላለው ሰው «እቺ ደግሞ፣ በዚህ ዋጋ ትልቁን ኤርፖርት አማራት» ሲል ሰማሁት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ እየሰማሁ!

ገንዘቡ ያንገበግባል። ሳቁ ግን ባሰብኝ። የገዛ ቋንቋዬን ተናግሮ፣ እህቴ ብሎኝ፣ የጠየቅኩትን እያወቀ ዋሸኝ። ቢሮው ድረስ ሄጄ ሳነጋግረው ቀና ብሎም አላየኝ። «የአየር መንገዱ ሕግ ነው፣ አይመለስም።» የራሱን የአገልግሎት ክፍያስ ስለው ሌላ ደንበኛ ጠራ። ሕፃኑ እኔ ሳልኖር ተጠመቀ።

ከመክፈላችሁ በፊት ከከተማው ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ፊደሎች እዩ። ትልቁ ኤርፖርት ኤፍ-አር-ኤ ነው፣ ኤች-ኤች-ኤን ከሆነ ሃን ነው። የምታርፉበትንም ጠይቁ። ለእኔ ለንደን ብሎ የሸጠልኝ ስታንስትድ የሚባለውን ኤርፖርት ነበር፤ ከዚያ መሃል ከተማ ለመግባት በባቡር ሌላ 50 ደቂቃ ገደማ አለ። የነገራችሁንም በጽሑፍ ይላክላችሁ፣ በቴሌግራምም ቢሆን።